ከእጅ ማውጣቱ በፊት ያለውስ? ስለ ምክር ቤት ውሎ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገብቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አራት ኪሎ በሚገኘው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ መደበኛ ስብሰባ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ከታዘቡ በኋላ የጻፉት ነው። ብዕራቸው የተባ ነው፤ አንዳንዱን መስመር ሳላደንቅ አላለፍኩም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የጠዋቱ ጊዜ በቃለ ጉባኤና በአጀንዳ አለቀ፤ ረቂቅ አዋጆች ያለ ክርክር ለቋሚ ኮሚቴ ተመሩ፤ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ ሕግ ጸደቀ፤ እጆች ሁሉ በአንድ ላይ ወጡ፤ የባሕር ዳር ተወካዮች ስለ ባሕር ዳር ትንፍሽ አላሉም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሆነ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ማስቆም ሲችሉ ዝም ይላሉ። መደምደሚያቸውም ሥነ ሥርዓቱ ጌጥ ስለሆነ ይቅር፣ ሕግ በባለሙያ ተረቅቆ ቶሎ ይውጣ የሚል ነው።

እኔ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ የሰፈሬ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊው «ጌጥ» ባሉት ነገር እንጀራ የበላሁ ሰው መሆኔን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ከቃለ ጉባኤው ልጀምር። ጸሐፊው «ያለፈውን ስብሰባ ወረቀት አንሥቶ ‘ማስተካከያ ያለው?’ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ሥራ ነው» ይላሉ። አንድ ነገር ልንገራቸው። በሥራ ዘመኔ አጋማሽ ላይ ስድስት አባላት ያሉት የግዥ ኮሚቴ ነበረን። አንድ ቀን አንዲት አባል «በዚህ ግዥ አልስማማም፤ ምክንያቴም ይመዝገብልኝ» አለች። ስብሰባው ሲበተን ሰብሳቢው ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ «እሷን ተዋት፤ በሙሉ ድምጽ ብለህ ጨርሰው» አለኝ። ጨረስኩት። አዎ፣ እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ወጣት ነበርኩ፣ ልጆችም ነበሩኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ለመጽደቅ ሲነበብ ሴትዮዋ እጇን አወጣች። «ገጽ ሁለት፣ ከታች ሦስተኛው መስመር» አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ሰብሳቢው እኔን አየ፤ እኔ ወረቀቱን አየሁ። «በሙሉ ድምጽ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «በአብላጫ ድምጽ፣ በአንድ ተቃውሞ» ብዬ ከጎኑ ፈረምኩ። ስምንት ወር አልፎ ኦዲተሮች ሲመጡ ሌሎቹ አምስቱ አባላት በየተራ ሲጠየቁ ያቺ ሴት ቡናዋን እየጠጣች ሥራዋን ትሠራ ነበር። ያን ቀን ያዳናት ንግግሯ አልነበረም፤ ንግግሯንማ እኔ ውጬው ነበር። ያዳናት «ማስተካከያ ያለው?» የሚለው፣ ጸሐፊውን ያሰለቻቸው ጥያቄ ነው።

አገር በሚመራበት ምክር ቤትማ ይህ ይብሳል። «በሙሉ ድምጽ ጸደቀ» እና «በአብላጫ ድምጽ ጸደቀ» ለሚሰማው ሰው አንድ ይመስላሉ። ሕጉ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲጣላን ግን ማን ምን እንዳለ የሚመሰክረው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት በጣም ይሰፋል። «ረቂቁ ቀረበ፣ ርዕሱ ተነበበ፣ ጥቂት አስተያየት ተሰጠ፣ ከዚያ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ለዝርዝር እይታ ተመራ፤ ይህ ከክርክር መሸሽ ነው» ይላሉ። ያዩት እኮ የመጀመሪያ ንባብ ነው። በመጀመሪያ ንባብ ረቂቁ ለምን እንዳስፈለገ ይብራራል፤ ጥያቄ የሚያነሣ ያነሣል፤ ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ይመለከታል፤ አስረጂ ይጠራል፤ ባለድርሻ የሚላቸውን ይሰበስባል፤ የውሳኔ ሐሳብና ሪፖርት ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛው ንባብና ድምጽ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርግጥ አንዳንዱ ረቂቅ፣ በተለይ የብድር ስምምነት ማጽደቂያ፣ በዚያው ቀን ተነብቦ በዚያው ቀን ሊጸድቅ ይችላል፤ ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢናደዱ አልፈርድባቸውም። ግን ኮሚቴውን ከሸሹበት ጓዳ ጋር ማመሳሰላቸው ተሳስተው ነው። ዜጋ በእግሩ ገብቶ «ይህ አንቀጽ ይጎዳኛል» ሊል የሚችልበት በር ካለ እዚያ ነው ያለው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ እርሳቸውም እኔም ተመልካች ነን።

ለምን እንዲህ እንደምሟገት ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ አያቶቻችን ያውቁታልና። በ1960 ዓ.ም የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያስታውሱታል። ያን ጊዜ ፓርላማው በሁለት ምክር ቤት የተከፈለ ነበር፦ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አዋጁ ያለ ክርክር አልጸደቀም። ተወያይተውበታል፤ ነክተውታል፤ አሻሽለውታል። የተሟገቱት ግን አዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ባለ ርስትና ባለ ጉልት የነበሩ ናቸው። የጎጃም ገበሬ ዘንድ ሲደርስ የደረሰው «መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነጠቅ ነው» የሚል ወሬ ሆኖ ነው። ጎጃም ሸፈተ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ የውዝፍ ግብሩም ነገር ተተወ። አባቴ የዚያን ዓመት ነገር ሲያወራ ስለ ፓርላማ ቃል ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። እርሱ የሚያውቀው መሬት ሊለካ የመጣውን ሰው ነው፤ ሕጉ በምክር ቤት ወራት የፈጀ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ካደግኩ በኋላ።

እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው፦ ያ አዋጅ ምን ጎደለው? የአዳራሽ ክርክር አልጎደለውም፤ እርሳቸው የሚናፍቁት ዓይነት የንግግር ፍልሚያ ነበረበት። ባለሙያም አልጎደለውም። የጎደለው ሞጣና ደጋ ዳሞት ወርዶ «ይህን ግብር እንዴት ታየዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እርሳቸው «ይቅር» ያሉት መካከለኛው እርከን ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። የዛሬው ቋሚ ኮሚቴ ይህን በሚገባ ይሠራል ወይ ቢሉኝ፣ ብዙ ጊዜ የውይይት መድረክ የሚጠራው አዲስ አበባ ነው፤ ከጣና ዳር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የአንድ ገበሬ የወር ገቢ ይፈጃል እላቸዋለሁ። ይህ በሩን ለማስፋት ምክንያት ነው እንጂ ለመድፈን አይደለም።

«ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሕግ አወጡ፤ ይህ ሕገ ወጥ ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል። አንቀጽ 59 ደግሞ በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር ውሳኔ የሚያልፈው በስብሰባው በተገኙትና ድምጽ በሰጡት አባላት አብላጫ ነው ይላል። ምክር ቤቱ 547 ወንበሮች አሉት። ሁሉም ቢሞሉ ምልዓተ ጉባኤው 274 ነው፤ 274ቱም ድምጽ ቢሰጡ 138 ድጋፍ ሕግ ያሳልፋል። ቁጥሩ ያሳስባል፤ እኔንም ያሳስበኛል። የሚያሳስበው ግን ደንቡ ስለተጣሰ ሳይሆን ደንቡ ዝቅተኛውን ልክ ስላስቀመጠና ሰው ያን ልክ እንደ በቂ ስለሚወስደው ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ በአንደኛው ክስ ይመሠረታል፣ በሁለተኛው ወቀሳ ብቻ ነው የሚቻለው።

ቆጠራ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ግን ወደ እኛ ዕድር ይምጣ። እኛ የምንሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽምብጥ አካባቢ ዋርካ ሥር ነው። ካቻምና ወርኃዊ መዋጮ ከ50 ብር ወደ 100 ይደግ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዳኛው «ተስማምተናል አይደል?» አሉ። «አዎ!» የሚል ድምጽ ተሰማ። እኔም ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች አንዲት እናት «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስንት ነን?» አለች። ሰው ሳቀ። ቆጠርን፤ ከ96 አባል 41 ነን። መተዳደሪያ ደንባችን ከግማሽ በላይ ይላል። ዳኛው ፈቅ አሉና «እንግዲህ ለሚመጣው ወር» ብለው ጉባኤውን በተኑት። በሚቀጥለው ወር 63 ሰው መጣ፤ ወሬው በየቤቱ ገብቶ ነበርና። መዋጮው ጸደቀ፣ ግን በ80 ብር፤ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ በ50 እንዲቆይ ተወሰነ። ያ ልዩነት የመጣው የተሻለ ተናጋሪ ተገኝቶ አይደለም፤ አንድ ወር ስለተገኘ ነው። ዳኛው እስከ ዛሬ ያችን ሴት «አፈ ጉባኤ» ይሏታል፤ በቀልድም በእውነትም።

ስለ እጆች። ጸሐፊው «እጆቹ እንደ አንድ ሰው ይወጣሉ» ሲሉ እውነት አላቸው፤ ምክንያቱንም ለመደበቅ አልሞክርም። በ2007 ዓ.ም ምርጫ 547ቱንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ያን ጊዜ «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ መጠየቅ ባዶ ቤት ማንኳኳት ነበር ቢሉኝ አልከራከርም። በ2013ቱ ምርጫም ብልጽግና እጅግ አብዛኛውን ወንበር ሲይዝ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ፤ ጥቂት የግል ተወዳዳሪዎችም ገቡ። በዚህ ቁጥር ማንም ረቂቅ አይጥልም። ነገር ግን «ስለማይጥል አይቆጠር» ማለት ሌላ ነገር ነው።

የሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እኛን በቀጥታ የነካ ነውና በእርሱ ልናገር። አዋጁን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲያውጅ የተወካዮች ምክር ቤት በዕረፍት ላይ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 እንዲህ ባለ ጊዜ አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይጽደቅ፣ ከጸደቀም ከስድስት ወር አይለፍ፣ ቢራዘም በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይራዘም ይላል። ነሐሴ 8 ቀን ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ አጸደቀው፤ ተቃውሞም ድምጸ ተአቅቦም ተመዝግቦበት እንጂ በሙሉ ድምጽ አልነበረም። ኢንተርኔት የለም፣ ሰዓት እላፊ ነው፤ እኔና ጎረቤቴ ዜናውን በሬዲዮ ነው የሰማነው። ጎረቤቴ ማታ ማታ እንጀራና ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሰዓት እላፊ ማለት ለእርሷ ገበያዋ ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው። ዜናው እንዳለቀ ከግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያውን አውርዳ ወር ወሩን በጣቷ ቆጠረችና ጥር 28ን በእስክሪብቶ አከበበችው። ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም ምክር ቤቱ አዋጁን ለተጨማሪ አራት ወር አራዘመው። ዳግመኛ ቆጠረች፣ ዳግመኛ አከበበች። ከዚያ በኋላ አልተራዘመም።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ «የተወሰነ ነገር ላይ የተደረበ ሥርዓት» ሊሉት ይችላሉ። ሊሆን ይችላል። ጎረቤቴ ግን የምታከብበው ቀን ያገኘችው ከዚያ ሥርዓት ነው። ቀን ባይኖረው ኖሮ ማንን፣ መቼ ትጠይቅ ነበር? የተቃወሙት እጆች አዋጁን አላስቆሙትም፤ መቃወማቸው ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አለ። አንቀጽ 54 አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምጽ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል፤ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድም፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር፣ አይያዝም ይላል። ይህ ጥበቃ በተግባር ምን ያህል ይከበራል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ይህን አንሥተው ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው ቆሜ እጮህ ነበር፤ ግን አላነሡትም፤ በእጆቹ ቁመት ሲያፌዙ አለፉት።

የባሕር ዳር ተወካዮች ስለ ባሕር ዳር ዝም አሉ መባሉን በአጭሩ ልለፈው። ያው አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ደግሞ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ስሟ ያልተጠራች ከተማ ያልተነካች መስላ መታየቷም ስህተት ነው። የ1995ቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የፌዴራል ሕግ ነው፤ የሚመለከተው ግን ከዘጌ ባሻገር ጎሕ ሲቀድ በደንገል ታንኳ ወጥቶ መረቡን የሚያነሣውን ሰው ነው። ያ ሰው ተወካዩ «ጣና» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጠራ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የያዘውን ቀረሶና አምባዛ ነው።

አሁን ወደ ግልጽ ስህተታቸው። «የፌዴሬሽን ምክር ቤት ረቂቁን መልሶ ሊጥለው ይችል ነበር» ብለዋል። አይችልም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደ ሌሎች አገሮች የላይኛው ምክር ቤት ሕግ የሚያወጣ ወይም የሚያጣራ አካል አይደለም፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ የክልሎች ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል፣ ሌላም ሥራ አለው፤ ተራ ሕግ ግን በእርሱ በኩል አያልፍም። «ፕሬዚዳንቱ ቢከለክሉ ኖሮ» ያሉትም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 57 ፕሬዚዳንቱ የጸደቀውን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርሙ ያዝዛል፤ ባይፈርሙም ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። መከልከል የሚባል ሥልጣን የለም። አንድ ሙሉ ገጽ ያህል ነቀፋ በሌለ ሥልጣን ላይ ገንብተዋል። አሰራሩን «ጌጥ» ከማለት በፊት ማወቅ ደግ ነበር።

የተስማማሁበትን ደግሞ ልናገር፤ ሙግት ስለሆነ ብቻ ሁሉን አልክድም። ስለ ጥያቄና መልሱ የጻፉት ትክክል ነው። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። በተግባር የምናየው ግን ጥያቄዎች በተርታ ተደርድረው ካለቁ በኋላ መልሱ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጥበት ነው። ጠያቂው የጠየቀው አልተመለሰለት እንደሆን ተነሥቶ «ጌታዬ፣ ይህ የጠየቅኩት አይደለም» የሚልበት ጊዜ የለም። በዕድራችን እንኳ የገንዘብ ያዡን ሪፖርት የምንጠይቀው አንድ በአንድ ነው፤ «ሰኔ ላይ የጎደለው 300 ብር የት ገባ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ወደ ሐምሌ አንሻገርም። ጸሐፊው ይህን አይተው «ስለዚህ ጥያቄው ይቅር» ይላሉ። እኔ ይህን አይቼ ከአንድ ሰው አንድ ጥያቄ፣ ከአንድ ጥያቄ አንድ መልስ፣ ከመልሱም በኋላ አንድ የማጥበቂያ ጥያቄ ይፈቀድ እላለሁ። ሕገ መንግሥት መቀየር አይፈልግም፤ አንቀጽ 59 ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል።

በባለሙያ ስለሚወጣው ፈጣን ሕግ ብዙ የምለው የለኝም። የምክር ቤቱ የዓመቱ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ የበጀት ዓመቱም ያን ዕለት ያልቃል። የሰኔን መጨረሻ የሚያውቅ ሰው ጥድፊያ ሞልቶ የሚፈስበት ወር እንዳለን ያውቃል፤ ሌላ አስራ አንድ ወር መጨመር አያስፈልግም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የምንለውም ለጅቡ አዝነን አይደለም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን መልሰው የሚያወጡት ከሆነ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፦ የአንቀጽ 57ቱን መስመር ያርሙ። ያለ ስርዝ ድልዝ እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልጋቸውም፤ የተሳሳተውን አንድ ጊዜ ሰርዘው ትክክለኛውን ከጎኑ ይጻፉና ይፈርሙበት። እኔም ያኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።